እማዬ ጨረር ላይ ናት፤ የውሃው ሰዓት አልያዝልን አለ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የማህፀን በር ካንሰር ታማ ጨረር ጀምራለች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከእያንዳንዱ ጨረር በፊት ማሽኑ ላይ አስተኝተው ምስል ያነሷታል። መጀመሪያ ለዕቅዱ ከተነሳችው ሲቲ ስካን ጋር ያስተያዩታል። አተኛኘቷን ለማስተካከል ቆዳዋ ላይ ያደረጉት ምልክት ልክ ቢሆንም ውስጧ ከቀን ቀን ይለያያል። የሽንት ፊኛዋ ሲሞላ አንጀቷን ገፍቶ ከጨረሩ ያርቅላታል፤ ለዚህ ነው ቀድማ ውሃ የምትጠጣው። ይኼ ገብቶናል።

ችግሩ መንገዱ ነው። ቤት ጠጥታ ስትወጣ ታክሲ ውስጥ ሽንቷን መያዝ ያቅታታል። እዚያ ደርሳ ስትጠጣ ደግሞ ሳይሞላ ተራዋ ይደርሳል። "አልሞላም፣ ይውረዱ" ትባላለች። ትናንት ሁለቴ ወረደች። እያለቀሰች ነው የተመለሰችው፤ አንጀቴ ተላወሰ።

እናንተ ከሩቅ ስትመላለሱ እንዴት አደረጋችሁ? ውሃውን መቼ ነው የጠጣችሁት? ባለሙያዎቹንስ ምን ብዬ ልጠይቅ? እባካችሁ፣ ነገም ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አላት።