ክርክር፦ ፖሊስኪ ያንን ጎቲክ ማቃጠል ነበረበት ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው ሳምንት ከወዳደቀ ነገር ስለሚሠሩ አርቲስቶች ስናወራ የራሺያው ኒኮላይ ፖሊስኪ ስም ተነስቶ ኮሜንቱ ጦርነት ሆኖ ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ ለብቻው እናውራው። ለማታውቁት፦ 1957 ሞስኮ የተወለደ፣ ሌኒንግራድ ሙኪና የጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሚትኪ ከሚባሉት ሠዓሊዎች ጋር የነበረ ሰው ነው። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ብሩሹን አስቀምጦ ካሉጋ ክልል ኡግራ ወንዝ ዳር ኒኮላ ሌኒቬትስ በምትባል ባዶ ልትቀር በደረሰች መንደር በበረዶ፣ በድርቆሽ፣ በጭራሮ፣ በማገዶ እንጨት ትላልቅ ነገር መሥራት ጀመረ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ፌብሩዋሪ 17፣ 2018 ከጭራሮና ከእንጨት ፓሌት (የዕቃ መጫኛ ርብራብ) የተሠራ 30 ሜትር አካባቢ የሚሆን የጎቲክ ካቴድራል፣ ማለትም ሾጣጣ ቀስትና ማማ ያለው የድሮ የአውሮፓ ቤተክርስቲያን የሚመስል ነገር ሕዝብ ፊት አቃጠሉ። የራሺያ ካቶሊኮች በጣም አዘኑ፣ ኦርቶዶክሶችም የተቆጡ ነበሩ። ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? በጨዋነት።

ሠዓሊዋ፦ እኔ ልክ ነበር ባይ ነኝ። የሰውዬውን ሥራ ከመጀመሪያው ሳታዩ አንድ ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱበት። 2000 ላይ ከ200 በላይ የበረዶ ሰው ሠርቶ ወደ ወንዙ ቁልቁል አሰለፋቸው፣ ቀለጡ። በዚያው ዓመት በጋ የድርቆሽ ግንብ ሠራ፣ እሱም አልቆየም። የሱ ጥበብ መጀመሪያውኑ ለመጥፋት የተሠራ ነው እኮ፣ እሳቱም የዚያው ቀጣይ ነው።

ሞስኮ የተማርኩ፦ ቀኑን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁም፣ የተቃጠለው በማስሌኒትሳ ነው። ማስሌኒትሳ ማለት የነሱ ቅበላ በሉት፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው የመጨረሻ ሳምንት፣ ሥጋ ቀርቶ ቅቤና እንቁላል የሚበላባት፣ ብሊኒ የሚባለው ስስ ፓንኬክ የሚጋገርባት። መጨረሻው ላይ ከገለባ የተሠራ አሻንጉሊት ይቃጠላል፣ የበረዶው ክረምት ሂድልን እንደማለት ነው። የማይቃጠልበት ከተማ አላውቅም። ኒኮላ ሌኒቬትስ ደግሞ አሻንጉሊቱን ወደ ሕንፃ አሳደጉት በቃ። 2020 ላይ የፓሪሱን የድሮ እስር ቤት ባስቲልን የሚመስል ግንብ አቃጥለዋል፣ ያኔ ፈረንሳይ ተሰደበች ያለ ሰው አልሰማሁም።

ዲያቆን ነኝ፦ ወንድሜ ባስቲል እኮ እስር ቤት ነው። እስር ቤትና የጸሎት ቤት እንዴት እኩል ይሆናሉ? እኛም ደመራ እናቃጥላለን፣ እሳት አንፈራም፣ ግን ደመራችን የማንንም ቤት አይመስልም። ችቦ ነው፣ እንጨት ነው፣ አደይ አበባ ነው፣ ጸሎት ተደርጎበት ነው የሚለኮሰው። ነገ አንድ ሰው ደመራውን የመስጊድ ሚናራ አስመስሎ ሠርቶ ቢለኩስ ጥበብ ነው ትሉኛላችሁ?

ሠዓሊዋ፦ ዲያቆን ይቅርታ ግን ካቴድራል ነው ያለው ማነው? ሥራው ስሙ ነበልባላዊ ጎቲክ ነው፣ ይሄ ደግሞ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ የነበረ የሕንፃ ስታይል ስም ነው፣ የመስኮቱ ቅርጽ ነበልባል ስለሚመስል ነው እንደዚያ የተባለው። ከስሙ ጋር ተጫውቶ ነበልባል የሚመስለውን ነበልባል አደረገው። ዛፍ ራሱ ጎቲክ ይመስላል፣ ጫካ ገብተህ ቀና ስትል ታየዋለህ።

ከሮም፦ እህቴ ስታይሉን አውቀዋለሁ፣ የምኖረው ሮም ነው፣ ካቶሊክ ነኝ፣ ያደግኩት ሆሳዕና ከተማ ነው። እስቲ የኛንም ስሙን። ያ ቅዳሜ ለነሱ ቅበላ ነበር፣ ለካቶሊክ ግን ጾም ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር፣ ጾሙ በገባበት ረቡዕ ፌብሩዋሪ 14 እንደ ሥርዓታችን ግንባራችን ላይ አመድ ተቀብተን ነበር። ቅዳሜ ማታ ስልኬን ስከፍት ረዣዥም ቀስቶቹ፣ ሾጣጣ ማማዎቹ በእሳት ሲበሉ አየሁ። መስቀል የለበትም አሉ። መስቀል ባይኖረውም ዓይኔ ያየውን ያውቃል፣ ማንም ልጅ ብትጠይቁት ቤተክርስቲያን ነው ይላችኋል። ደግሞ የት አገር ነው የተቃጠለው የሚለውን አትርሱ። በስታሊን ጊዜ ራሺያ ውስጥ የነበሩት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ፈርሰው፣ መጋዘን ሆነው ለአስርት ዓመታት በዚያ ሁሉ አገር የቀሩት ሁለት ነበሩ፣ ሞስኮ ቅዱስ ሉዊስ እና ሌኒንግራድ የሉርድ እመቤታችን። ሁለት! አያቶቻቸው ያንን ያዩ ሰዎች ናቸው ፎቶውን ያዩት። አርቲስቱ ክፉ አስቦ ነው አልልም፣ አንድ ጎረቤት ካቶሊክ ጠርቶ ይሄን ብናቃጥል ምን ይሰማሃል ቢል ግን መልሱን በአንድ ደቂቃ ያገኘው ነበር።

ሞስኮ የተማርኩ፦ ይሄን የሁለቱን ነገር አላውቅም ነበር። የቅዱስ ሉዊስን በር ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ።

አናጢ ነኝ፦ እኔ ሃይማኖቱን ለባለቤቱ ትቼ ስለ እንጨቱ ላውራ ምክንያቱም ሁላችሁም ዘላችሁታል። የወዳደቀ እንጨት ስትሉ ብላሽ እቃ አይደለም እኮ። ፓሌት ጥሩ እንጨት ነው፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ከፓሌት አልጋ እሠራለሁ፣ መደርደሪያ እሠራለሁ፣ ሚስማሩን አቃንቼ መልሼ እመታዋለሁ። እና የዚህን ሰው ሥራ ሳይ ልቤን የነካኝ ምን መሰላችሁ፣ የድርቆሹ ግንብ። ሠዓሊዋ ጠፋ አልሽ፣ አልጠፋም! ላሞች በሉት። ከዚያ 2001 ላይ ማገዶውን ደርድሮ እንደ ገንቦ ያለ ትልቅ ግንብ ሠራ፣ ክረምት ሲመጣ የመንደሩ ሰው እያፈረሰ ምድጃው ውስጥ ከተተው። የገበሬ እጅ የሚያውቀውን ነገር ነው የሠራው፣ ድርቆሽ መከመር ራሺያም እኛም ጋ ያለ ጥበብ ነው፣ ክምሩ ዝናብ እንዳይገባው የሚከምረው ሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ሲያልቅ ደግሞ ሆድ ሞላ፣ ቤት ሞቀ። የ2018ቱ ግን ማንንም አላሞቀም። ተቃጠለ፣ ሕዝብ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ሄደ። ለኔ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው፣ ራሱ ያስተማረንን ነገር ነው የተወው።

ሠዓሊዋ፦ የደረቀ ጭራሮ ጫካ ውስጥ ቢቀርም እኮ ወይ ይበሰብሳል ወይ በጋ እሳት ይነሳበታል።

አናጢ ነኝ፦ ይበስብስ። መበስበስም ለአፈሩ ሥራ ነው። ፓሌቱ ግን አይበሰብስም ነበር።

አርክቴክት፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራው የማን ነው የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ፖሊስኪ አንድም ቀን ብቻውን አልሠራም፣ ኮልሆዙ (የሶቪየት ዘመን የጋራ እርሻ) ፈርሶ ሥራ ያጡ የዚያ አካባቢ ወንዶችን ሰብስቦ ነው የጀመረው፣ ደቦ እንዳይመስላችሁ ይከፈላቸው ነበር፣ ቀስ በቀስ ባለሙያ ሆኑ፣ ከዚያ ነው 2004 ኡግራ ላይ ያለውን የመብራት ማማ፣ 2009 ሉክሰምበርግ ሙዳም ሙዚየም የገባውን ከእንጨት የተሠራ የሃድሮን ኮላይደር (የፊዚክስ ሰዎች ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያጋጩበት ግዙፍ ማሽን) አምሳያ የሠሩት፣ 2008 ቬኒስ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የአርክቴክቸር ቢየናሌ ኤግዚቢሽን ላይ የራሺያ ማሳያ ቤት ውስጥም ሥራው ገብቷል፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ አርክስቶያኒዬ የሚባል ፌስቲቫል መጥቶ ቦታው ትልቅ የጥበብ ፓርክ ሆነ። ይሄ ሁሉ የሆነው ሰውየው እዚያው ስለኖረ ነው። ከመንደሩ ሲወጣ ያለውን እዩ፦ 2011 ፔርም ከተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከሺዎች የጥድ ግንድ የፔርም በር የሚባለውን አቆመ፣ 12 ሜትር፣ የከተማዋ ስም የሚጀምርበት ፔ የሚባለው ፊደል ከአራቱም ጎን እንዲታይ። የከተማው ሰው ዱካ ብሎ ጠራው፣ መቀመጫ ዱካ፣ በሕዝብ ገንዘብ ለምን ተባለ። ተመሳሳይ እጅ፣ ተመሳሳይ እንጨት፣ ግን ማንም ፔርሞችን አልጠየቃቸውም። ዝቪዚ መንደር 2015 የሠራውን ሴልፖ ደግሞ እዩት፣ የተተወ የመንደር ሱቅ የነበረበት ቦታ ላይ በአሮጌ ጣውላ፣ እዚያ ሰው ይሰበሰብበታል። እና እህታችን ከሮም ያለችው ከዚህ ጋር አንድ ነው ለኔ፣ የተጠየቀና ያልተጠየቀ ሰው ልዩነት።

ዲያቆን ነኝ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔ ልል የፈለግኩትን አንተ አልክልኝ።

ሠዓሊዋ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አለቅም። አርቲስት ሁሉንም ሰው እየጠየቀ ከሠራ ምንም አይሠራም። ድርቆሹንም ያኔ የመንደሩን ሰው ድምፅ አስቆጥሮ ቢሆን እብድ ነው ብለው ይመልሱት ነበር። ፔርሞች ዱካ ብለው ስም ማውጣታቸው ራሱ ሥራው ውስጣቸው ስለገባ ነው። የከሮሟ እህታችን ያለችው ግን ሌላ ነው፣ ሁለት ብቻ የቀሩበት አገር መሆኑን ሳላስብ ነው ስከራከር የነበረው። ያንን እያወቅኩ እኔ ብሆን ቅርጹን እቀይረው ነበር። እሳቱን አልተውም፣ ቅርጹን ግን እቀይረዋለሁ።

ከሮም፦ ይሄ ይበቃኛል እህቴ። እሳቱ ላይ አልተጣላንም።

አናጢ ነኝ፦ እሳቱ ላይ እኔ ተጣልቻለሁ፣ ፓሌቱን ለኔ ስጡኝ።