ክርክር፦ ለአስተዳደር ሠራተኛ ጋቢ ወይስ ቦነስ?

አወያይ፦
ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የምንሠራ አባላት በምንበዛበት በዚህ መድረክ፣ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት ቅሬታ አቅርበው ነበር። ድርጅታቸው ሰኔ ሲዘጋ ለምርትና ለሽያጭ ክፍል የአንድ ወር ደመወዝ ቦነስ ሰጥቶ፣ ለጸሐፊዎች፣ ለመዝገብ ቤትና ለጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኞች ግን ለእያንዳንዳቸው የምስጋና ወረቀትና አንድ ጋቢ አድሏል። ይህ አሠራር አግባብ ነውን? የድርጅት ስም ሳትጠቅሱ ተከራከሩበት።

የሽያጭ ሠራተኛ፣ ገላን፦
አግባብ ነው ባይ ነኝ። ቦነስ ከትርፍ የሚቆረስ በመሆኑ ትርፉን ያመጣው ሰው በቁጥር ሊታወቅ ይገባል። እኔ በወር ስንት ካርቶን እንደሸጥሁ ማንም ማየት ይችላል፤ የደብዳቤ ሥራ ግን በምን ይለካል? ለሁሉም እኩል ከተሰጠ ሽልማትነቱ ቀርቶ ሌላ ደመወዝ ይሆናል።

የቢሮ ጸሐፊ፣ አቃቂ፦
«አይለካም» የሚለውን ቃል 19 ዓመት ስሰማው ኖሬአለሁ። የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ በየቀኑ በቁጥርና በቀን ይሞላል፤ አንድ የክፍያ ሰነድ ከገባበት እስከ ተፈረመበት ስንት ቀን እንደፈጀ ከዚያው መዝገብ ይነበባል። ችግሩ ሥራው የማይለካ መሆኑ ሳይሆን መዝገቡን ገልጦ የሚያይ አለቃ አለመኖሩ ነው። አንድ ዓመት የግብር ኦዲተሮች መጥተው የሦስት ዓመት የቅድመ ግብር ደረሰኞችን ሲጠይቁ፣ የመዝገብ ቤት ባልደረባዬ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት አቀረበች። በዚያ ቀን ድርጅቱ ከቅጣት ዳነ፤ የዳነ ገንዘብ ግን በሽያጭ ሪፖርት ላይ አይወጣም። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ በየቀኑ የሚገኝ አገልግሎት ዋጋው የሚታወቀው የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ሰርቪሱ በ11 ሰዓት ተኩል ሲወጣ እኛ ለሒሳብ መዝጊያ እንቀራለን፤ ከዚያ በኋላ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ያለውን ሰልፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ክርክሩ ቦነስ ላይ ብቻ መቆሙ ያሳስበኛል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ቦነስ የደመወዝ አካል አይደለም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚደረገው የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው ከመደበኛ ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ዘንድሮ የተሰጠ ቦነስ ለጡረታ ዘመን አይተርፍም። ጸሐፊዋ ያነሱት የማምሸት ጉዳይ ግን ከሽልማት ተራ የሚመደብ አይደለም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ደግሞ ሁለት እጥፍ መክፈል ግዴታ ነው። ብዙ ድርጅቶች ጋቢ የሚያለብሱት ይህን ሳይከፍሉ ነው፤ እኔም በቀድሞ ሥራዬ እንዲህ ያለውን ዝግጅት አሰናድቼ አውቃለሁ።

የሽያጭ ሠራተኛ፣ ገላን፦
የአስተዳደር ሠራተኛ የአሠሪው ወገን ስለሆነ ትርፍ ሰዓት አይመለከተውም ሲባል ነው የምሰማው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
አዋጁ ከሽፋኑ ያስወጣው የሥራ መሪን ነው፤ ይኸውም ፖሊሲ የማውጣት፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን። ጸሐፊ ማንን ታሰናብታለች?

የማሽን ኦፕሬተር፣ ቃሊቲ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማውጣት አራት ቀን ያመላለሰኝ አስተዳደር ቢሸለም እኔ አላጨበጭብም። ከፈረቃ ወጥቼ በር ላይ የቆምሁበትን ጊዜ ማን ይክፈለኝ? ይሸለሙ ከተባለ የሚመዝናቸው አለቃቸው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ጉዳይ ይዘን የምንቀርበው እኛም እንጠየቅ።

ቅሬታውን ያቀረቡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ መቆጣትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። ነገር ግን እኛ ዘንድ ማስረጃው በአሥር ደቂቃ ተጽፎ ያልቃል፤ ፈራሚው ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ቦሌ ስለሚውሉ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያድራል፤ ስድቡን የምቀበለው እኔ ነኝ። በባለጉዳይ እንመዘን የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሰነዱ እኔ ዘንድ የቆየበትና ፊርማ የጠበቀበት ጊዜ ተለይቶ ይጻፍ እንጂ። ጋቢውን ለእናቴ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ወደውታል። ሰኔ ውስጥ ያመሸሁትን 31 ሰዓት ደግሞ ከጥበቃ የመውጫ መዝገብ ላይ ገልብጬ፣ በደብዳቤ አቅርቤ፣ የገቢ ቁጥር ራሴ ሰጥቼዋለሁ። መልስ ሲደርሰኝ እዚሁ አሳውቃለሁ።