ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ውሃ የሚያስገባን ምድር ቤት መኝታ ማድረግ ይቻላል?

የጥቁር ውሃ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ምድር ቤቱ 4 በ5 ሜትር፣ ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት፣ ወለሉ 8 ሴንቲ ኮንክሪትና ሊሾ። ሰኔና ሐምሌ ደረቅ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ግን ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ያንጠባጥባል፤ እስከ ጥቅምት አይቆምም። የውሃው ምልክት ከወለሉ 40 ሴንቲ ድረስ አለ፤ ከሱ በላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ጀሶና ፕላስቲክ ቀለም በዓመቱ ተላጠ። አሁን ከውስጥ ሬንጅ ቀብቶ ለልጆች መኝታ ማድረግ ታስቧል። ምን ትላላችሁ?

ግንበኛው
ሬንጁን ይተዉት። ሬንጅ የሚሠራው ከአፈሩ በኩል ተቀብቶ ውሃው ወደ ግድግዳው ሲጫነው ነው። ከውስጥ ከተቀባ ውሃው ከጀርባው መጥቶ እንደ ፊኛ ያሳብጠውና ይልጠዋል። ጀሶም ውሃ መጥጦ ይለሰልሳል፤ እስከ ብሎኬቱ ድረስ ይነሳ።

መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ ይለዩ። ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪው ከዞረ የተሰበረ መስመር አለ። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ከገባ የጣሪያና የግቢ ውሃ ነው፤ ታቦር ተራራ ግርጌ እንዳለ ተዳፋት ቦታ አሸንዳና ቦይ ይበቃዋል። ሽታ ካለው ሴፕቲክ ታንኩን ይጠርጥሩ። ዘግይቶ መጥቶ ለሳምንታት የሚቆይ ግን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ውሃውን የሚያስወጣለት ወንዝ የለውም፤ ክረምቱን ጠጥቶ ሲሞላ በዳሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ይነሳል። የእርስዎ ይሄኛው ይመስላል።

ስትራክቸር
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር፤ ወለሉን ከማሸግዎ በፊት ይቺን ሂሳብ ይዩ። 8 ሴንቲ ኮንክሪት በካሬ ሜትር 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃው ከወለሉ በላይ 40 ሴንቲ ከሆነ ከኮንክሪቱ ሥር ሲለካ 48 ሴንቲ ነው፤ ያ ማለት በካሬ 480 ኪሎ ወደ ላይ ይገፋል። ዛሬ ወለሉ ያልተነሳው ስለሚያፈስ ነው። ዙሪያውን አጥብቀው ከደፈኑት መሀሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የውሃውን ከፍታ ማውረድ፣ ከዚያ ማሸግ።

ለማውረድ ክፍሉ ውስጥ፣ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ 60 በ60 ሴንቲ፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ የሆነ የፓምፕ ጉድጓድ ይቆፈር። ከመሠረቱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርደውን መስመር ግን መንካት የለበትም፤ መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ጉድጓዱን ወደ ክፍሉ መሀል ያምጡት። የጉድጓዱን ጎን በማጣሪያ ጨርቅ አልብሳችሁ ጎኑ የተበሳሳ በርሜል አስገቡ፤ በጨርቁና በበርሜሉ መሀል ጠጠር ሙሉ። የሀዋሳ አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል አሸዋና አመድ ስላለበት፣ ማጣሪያ ከሌለ ፓምፑ ውሃውን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሥር ይስባል። ፓምፑ የሚያወጣውን ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ታች ላይ አሸዋ ከዘቀጠ ፓምፑን ወዲያው አቁሙ።

የሚወጣው ውሃ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይሂድ። ግቢ ውስጥ ከፈሰሰ ተመልሶ ይመጣል። መስመሩ ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) አይረሳ።

ግንበኛው
ማሸጉ ደግሞ እንዲህ ነው። ልስኑን ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ አንሱ፤ ነጩን ዱቄት በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ በውሃ ካጠባችሁት ጨዉ ተመልሶ ይገባል። ብሎኬት ባዶ ልብ አለው፤ ውሃው በውስጡ ይሄዳል። ከታችኛው ረድፍ የእያንዳንዱን ብሎኬት ልብ ብሱና ውሃው በትንሽ ቦይ ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ አድርጉ። ይሄን ስለሚዘሉት ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው።

የሚያፈሰውን መስመር በመሮ 2 ሴንቲ ስፋት፣ 3 ሴንቲ ጥልቀት ክፈቱ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን፣ እንደ ቪ ከሆነ ውሃው ገፍቶ ያስወጣዋል። በደቂቃዎች የሚደርቀውን የውሃ ማቆሚያ ሲሚንቶ በእጅ አድቦልቡሉትና ሙቀት ሲጀምር በተከፈተው መስመር ውስጥ ጠቅጥቃችሁ እስኪደርቅ ተጭናችሁ ያዙት (ጓንት አድርጉ፣ እጅ ይበላል)። ጥጉን በአንድ ለሦስት ሲሚንቶና አሸዋ 5 ሴንቲ አጉብጡት።

ከዚያ በሲሚንቶ የሚሠራ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት እጅ፦ ግድግዳው ረጥቦ ግን ውሃ ሳያንጠባጥብ፣ አንዱ እጅ አግድም፣ ሁለተኛው ቁልቁል። በካሬ ሁለቱ እጅ ተደምሮ 2 ኪሎ ገደማ ነው። የእርስዎ ዙሪያ 18 ሜትር ስለሆነ 21.6 ካሬ፣ ከብክነቱ ጋር 48 ኪሎ፤ ባለ 25 ኪሎ ሁለት ከረጢት። ሦስት ቀን እያረጠቡ ያቆዩት። ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ቀለሙ ግን አንድ መስከረምና ጥቅምት ካለፈ በኋላ።

የጥቁር ውሃ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ሲጠፋስ?

ስትራክቸር
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፓምፑ በራሱ የሚነሳ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይኑረው፤ ባትሪ ያለው ኢንቨርተርና ከዋናው 15 ሴንቲ ከፍ ብሎ የሚጀምር ሁለተኛ ፓምፕ ከሌለ ልጆች እንዲተኙበት አልመክርም፤ ዕቃ ቤት ይሁን። ሶኬቶቹ ከ1 ሜትር በላይ ይውጡ፤ በር ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያሾልክ መስኮትም ያስፈልጋል። እርጥበቱን በከሰል ለማድረቅ የሚሞክር ካለ ደግሞ አስቁሙት፤ አየር በማይገባበት ቤት የከሰል ጭስ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል።