የድምፅ ጉዞው ደቻቱን ይሻገር፦ ስለ ከዚራና መጋላ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የምናቀርበውን የድምፅ ጉዞ ዕቅድ በጋራ እንድናሻሽለው የመጀመሪያውን ረቂቅ አቀርባለሁ። ጎብኚው ወይም የከተማው ልጅ ስልኩን ይዞ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከለገሃር አደባባይ ተነሥቶ በከዚራ ጥላማ መንገዶች እየተራመደ በየማረፊያው የቦታውን ታሪክ ይሰማል። ረቂቁ ዘጠኝ ማረፊያዎች ያሉት ሲሆን መነሻው የቀድሞው ባቡር ጣቢያ፣ መጨረሻው ደግሞ ከዚራን ከመጋላ ሰፈር በሚለየው በደቻቱ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ነው። ከዚራን ያስቀደምነው በባቡር ኩባንያው ፕላን የተቀየሰ ሰፈር በመሆኑ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለና ዛፍ የበዛበት ስለሆነ አድማጭን ያለ ችግር ለመምራት ያመቻል።

አባል፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፦

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ይባረክ። ረቂቁ ስለ ጣቢያው ሕንፃ በሰፊው ይናገራል፤ ድሬዳዋ ለምን እዚህ ቦታ እንደተቆረቆረች ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል። የሀዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ሲጀመር መስመሩ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ዳገቱን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ስለነበረ ግን በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነና ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ደረሰ፤ አዲሱ ሰፈርም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ሥራው ለዓመታት ስለቆመ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጓት እነዚያ የመጠባበቂያ ዓመታት ናቸው፤ የመስመሩ ጫፍ በመሆኗ ዕቃው ሁሉ እዚህ ይራገፍ፣ ከዚህም በጋማ ከብትና በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ ነበርና። አድማጩ ይህን ካልሰማ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡና ሕንዱ ነጋዴ ምን ፈልጎ እዚህ እንደሰፈረ ሊገባው አይችልም።

ሌላው የጥገና ወርክሾፑ ጉዳይ ነው። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር በመሆኑ የእኛ ባቡሮች በአዲሱ መስመር ላይ መሄድ አይችሉም። ባለሙያው የፉርጎውን ጎማ በመዶሻ መታ ያደርግና ጆሮውን ያቀና ነበር፤ ደህናው ጎማ ድምፁ ጠርቶና ረዝሞ ይሰማል፣ የተሰነጠቀው ግን ታፍኖ ወዲያው ይቀራል። ፈቃድ ጠይቀን ይህንን ድምፅ እዚያው ብንቀዳው ስለ ወርክሾፑ ከሚጻፍ ከየትኛውም ገለጻ የበለጠ ይናገራል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መቀዳት አለበት።

አባል፣ የመጋላ ነዋሪ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የእርስዎ ንግግር ራሱ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። ከባቡር የተራገፈው ዕቃ በማን እጅ ገብቶ፣ በማን ሱቅ ተመንዝሮ ነው ወደ ደጋው የወጣው? ግማሹ ታሪክ ከደቻቱ ማዶ ስለሆነ ጉዞው ድልድዩ ላይ እንዲያበቃ መደረጉን አልስማማበትም። ጎብኚ ቀጥ ያሉትን የከዚራ መንገዶች ብቻ አይቶ ቢመለስ ኩባንያው የሠራትን ድሬዳዋ ያውቃል፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና አማራው አንድ ገበያ ላይ ተገናኝተው የሠሯትን ድሬዳዋ ግን አያውቃትም። ስለዚህ ጉዞው ቢያንስ እስከ ቀፊራ ገበያ እንዲዘልቅ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

መጋላ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሰው መምራት ያስቸግራል የሚባለው መፍትሔ ያለው ነገር ነው። በእኛ ሰፈር መንገድ የሚጠቆመው በመስጊዱ፣ በገበያው ቅስት በርና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በሚጠበስበት መጥበሻ ነው። የመጥበሻው ባለቤት ነገ ቦታ ሊቀይር ስለሚችል ትረካው ከቦታቸው የማይነቃነቁትን ይዞ መምራት አለበት፦ «ቅስቱን በግራዎ ትተው፣ ጥላው እስኪያልቅ ይራመዱ» እንደማለት።

ደቻቱንም በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዶብናል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ይህንን የማይናገር የድምፅ ጉዞ እኛን ያሳዝነናል። ሆኖም ያን ሌሊት ያሳለፉ ቤተሰቦች በራሳቸው ፈቃድ ካልሆነ በቀር እንዲናገሩ መጠየቅ የለባቸውም፤ ከተናገሩም በኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ቅጂው እንዲነሣ መብት ይኑራቸው።

አባል፣ መምህርት፦

በእህታችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ የሚያሳስበኝ ርዝመቱና ሙቀቱ ነው። ከዚራና መጋላን በአንድ ትንፋሽ ማስኬድ ለአረጋውያንና ለተማሪዎች ከባድ ስለሚሆን፣ ጉዞው ሁለት ክፍል ቢኖረውና ድልድዩ የመጀመሪያው ክፍል ማብቂያም የሁለተኛው መነሻም ቢሆን መልካም ነው። የሚመከረው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ማረፊያዎቹም ሁሉ ጥላ ያለባቸው ይሁኑ። ትረካው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ መዘጋጀት አለበት፤ «በኋላ ይተረጎማል» የተባለ ነገር ሳይተረጎም ሲቀር ሁላችንም አይተናል።

አባል፣ የድምፅ ቀረጻ ኃላፊ፦

በአጭሩ ለመግለጽ፣ ፋይሎቹ አስቀድመው በቴሌግራም ወርደው ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸውም ከሦስት ደቂቃ አይብለጡ። የባጃጅ ድምፅ ትረካውን እንዳይውጠው ትረካው በዝግ ክፍል ይቀዳል፤ የገበያው ጫጫታ ለብቻው ተቀድቶ ከሥሩ በዝቅታ ይገባል። አድማጩ መንገድ ከማቋረጡ በፊት ማዳመጫውን እንዲያወልቅ የሚያሳስብ ቃልም በየመሻገሪያው ይኖራል። የመዶሻውን ድምፅ ለመቅዳት ጋሼ አብረውን እንዲገቡ እጠይቃለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተነሡትን ሐሳቦች ይዤ የዕቅዱን ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው አሻሽያለሁ፦ «ጉዞው ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ፣ የጥገና ወርክሾፑን ታሪክና የከዚራን መንገዶች አካትቶ ደቻቱ ድልድይ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ይፈጽማል፤ ሁለተኛው ክፍል ከድልድዩ ተነሥቶ በመጋላ ውስጥ እስከ ቀፊራ ገበያ ይዘልቃል። ሁለቱም ክፍሎች በሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ቀን ይለቀቃሉ፤ የማንኛውም ሰው ድምፅ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ አይካተትም።» ዘጠኙ ማረፊያዎች በከዚራ በኩል ወደ ስድስት ዝቅ እንዲሉ፣ የመጋላዎቹን ደግሞ የሰፈሩ ነዋሪዎች ራሳቸው እንዲመርጡ ሐሳብ አቀርባለሁ። እህታችን ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ዝርዝሩን ሲልኩልን በጀቱን በዚያው መሠረት እንሠራለን፤ በአንቀጹ ቃላት ላይ ቅሬታ ያለው አባል ከዚያ በፊት እዚሁ ያስፍርልን።