በክረምት እምቦጭን በሳተላይት እንዴት ልከታተል?

ጥያቄ፦ የጣና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባህር ዳር ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በጣና ሐይቅ ላይ የእምቦጭን ስርጭት በካርታ ማሳየት ነው። የምጠቀመው የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በበጋ ቆንጆ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከደመና በቀር የሚታይ ነገር የለም። ጎርፉ አፈርና ማዳበሪያ ጠርጎ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ደግሞ ያኔ ነው። ድሮን ልግዛ ወይስ አዳዲስ ሳተላይቶችን ልጠብቅ? ወደፊት የሚያዋጣውን ከአሁኑ መማር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ካርታ ሠሪው
ወንድሜ፣ ምንም አትጠብቅ። ራዳር ተጠቀም። ሴንቲኔል 1 የሚባለው የራዳር ሳተላይት የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚለካ ደመናም ጨለማም አያግደውም። ዳታው ነፃ ነው። የረጋ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ እምቦጭ ያለበት ይደምቃል። ንፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉም ይደምቅና ያሳስትሃል። ስለዚህ ቪቪ የሚባለውን ቻናል ብቻ አትይ። ቪኤች በሚባለው ቻናል ላይ ማዕበል ብዙም አይጎላም፣ ቅጠል ግን ይለያል።

መልስ፦ ደንገል
ስለወደፊቱ ከጠየቅህ፣ ራዳር ላይ ብዙ እየመጣ ነው። ናሳና የሕንዱ የህዋ ድርጅት ኢስሮ በጋራ የሠሩት ኒሳር የተባለ የራዳር ሳተላይት ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ ህዋ መጥቋል። በየ12 ቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል፤ ዳታውም በነፃ እንዲሰጥ ታቅዶ ነው የተሠራው። የሴንቲኔል 1 ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የኒሳር አንዱ ሞገድ 24 ነው። ረጅሙ ሞገድ ቅጠሉን አልፎ ይገባል። በሐይቁ ዳር ያለውን ደንገል ከእምቦጭ ለመለየት ሁለቱን አብሮ ማየት ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ለተንሳፋፊው አረም ግን በአጭሩ ሞገድ ጀምር።

መልስ፦ አዘዞ
ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በድሮን አይዳረስም። ድሮን የሚጠቅምህ የሳተላይቱን ካርታ ለማረጋገጥ ነው። ለማብረር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ እሱን ጨርስ፣ ከዚያ ግዛ። እስከዚያው በጀልባ ሄደህ በስልክህ ጂፒኤስ ነጥብ ያዝ።

የጣና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ! ኮምፒውተሬ ደካማ ነው፤ የራዳር ፋይል ይችለዋል? ኤአይ ሁሉንም ይሠራዋል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ካርታ ሠሪው
ማውረድ አያስፈልግህም። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን በሚባለው የኢንተርኔት መሥሪያ ላይ የሴንቲኔል 1 ዳታ ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ ለትምህርት በነፃ ትጠቀምበታለህ። ኤአይ በእርግጥ እየገባ ነው። ጉግል ያወጣው አልፋኧርዝ የሚባል የኤአይ ሞዴል ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ቦታ የዓመቱን ምስሎች በ64 ቁጥሮች ይጠቀልላል። ለእርሻና ለደን ግሩም ነው። እምቦጭ ግን ንፋስ እየገፋው ከዳር ዳር ይዞራል፤ የዓመት ጥቅል አይዘውም። አንተ እንዲህ አድርግ፦ በበጋ ሴንቲኔል 1ና 2 በተቀራራቢ ቀን ያነሷቸውን ምስሎች አስተያይ። እምቦጩ በራዳሩ ላይ ከየትኛው የድምቀት ቁጥር እንደሚጀምር ለይተህ ያዝ። ሐምሌ ላይ በዚያ ቁጥር ትሠራለህ።