የጥፍር ፈንገስ ስንት ስም አለው?

ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና ቃላት ፈተና ደርሶብኛል፤ የቆዳው ምዕራፍ ግን አልገፋ ብሎኛል። ማኪዩልና ፓፒዩል (ቆዳ ላይ የሚታዩ ምልክቶች) ገብተውኛል፦ ሁለቱም ከ1 ሴንቲሜትር ያንሳሉ፤ የመጀመሪያው ከቆዳው እኩል ነው፣ ሁለተኛው ጉብ ያለ። ውሃ ሲቋጥር ቬሲክል፣ ሲተልቅ ቡላ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ያስቸገረኝ ጥፍር ነው። ግሪኩ «ኦኒኮ» ይላል፣ ላቲኑ «ኡንጉዊስ»። ፀጉርም እንደዚሁ «ትሪኮ» እና «ፒሎ» አለው (አንዱ አይበቃም ነበር?)። ኦኒኮማይኮሲስና ቲኒያ ኡንጉዊየም አንድ በሽታ ናቸው? እኔ እንደገባኝ የመጀመሪያው ማንኛውንም የጥፍር ፈንገስ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ደርማቶፋይት የሚባሉት ፈንገሶች ሲያጠቁ ብቻ ነው። ታዲያ የፈተናው ጥያቄ የፈንገሱን ዓይነት ካልነገረኝ የትኛውን ልጻፍ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።