የድሬዳዋ የጎርፍ ካርታ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ የድሬዳዋን የጎርፍ ካርታ አፕዴት እያደረግን ነው፣ የደቻቱን ወንዝ በሄክራስ (የወንዝ ፍሰት ማስያ ሶፍትዌር) ሞዴል ማድረጉ ለኔ ደረሰኝና ይኸው ራሴን አዙሮኛል። ያለኝ የኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ) የመሬት ከፍታ ዳታ በኛ አቆጣጠር በ1992 የተነሳ ነው፣ ማለትም ከ200 በላይ ሰው ከጨረሰው ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት፣ ከዛ ወዲህ የተሰራው የጎርፍ መከላከያ ግንብም ሰፈርም ምኑም የለበትም። ኮፐርኒከስ የሚባለውን ሌላ የሳተላይት ከፍታ ዳታ ሞከርኩ፣ እሱ ደግሞ የቤቱን ጣሪያ መሬት ነው ብሎ ስለሚያስብ ውሃው ቆርቆሮ ለቆርቆሮ እየዞረ ይሄዳል 😅

ደቻቱን ለማያውቅ፣ በደህናው ቀን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከከተማው በላይ ባለው ተራራ፣ ደንገጎ በኩል ይዘንብና ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ስለዚህ የከተማው የዝናብ ዳታ ብቻውን ምንም አይሰራልኝም። ቺርፕስ የሚባለውን የሳተላይት የዝናብ ዳታ እንዳልጠቀም የቀን ድምር ነው፣ ይሄ ጎርፍ እኮ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ የሚያልፍ ነው፣ ወደ ሰዓት እንዴት ነው የምትከፋፍሉት?

ግንቡንስ በሜዳ ለክቼ በብሬክላይን (ሞዴሉ ላይ ግንቡን ተከትሎ በሚሰመር መስመር) ላስገባው ወይስ ዲኢኤሙን (የከፍታ ዳታውን) ራሱ ላርመው? ድሮን አስነሳ እንዳትሉኝ ብቻ፣ በጀት የለም። እንዲህ አይነት ደረቅ ወንዝ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ክረምቱ እየገባ ነው።